የሩቅ መምህር፣ የሩቅ ተማሪ

የሐድያና የከምባታ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ተራኪው ከውጭ በመጡ ሰዎች ይጀምራል። ሐኪሙ ሚሲዮናዊ፣ ካፑቺኑ አባ፣ ሕንዱ መምህር፣ አሜሪካዊው የሰላም ጓድ ወጣት በየተራ ይጠራሉ፤ ሆሳዕናም ሆነች ዱራሜ፣ ሾኔም ሆነች አንጋጫ የእነዚህ ሰዎች ውለታ አለባቸው ይባላል። ውለታው እውነት ነው፤ የሚካድ አይደለም። ከትረካው ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚጎድል አንድ ሰው አለ፦ ከሩቅ አገር መጥቶ ከአገሬው ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠ ተማሪ። ከውጭ የመጣ መምህር ዕውቀት ይዞ ይመጣል፤ ከውጭ የመጣ ተማሪ ግን ትምህርት ቤቱን ራሱን ይለውጠዋል፤ ማደሪያ ያሠራዋል፣ የመግባቢያ ቋንቋ ያስመርጠዋል፣ የአገሬውን ልጅ ከእኩያው ጋር ያፎካክረዋል። በሆሳዕና አካባቢ ያሉ የሚሲዮን፣ የቤተ ክርስቲያንና የግል ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን እንግዳ ደጋግመው ተቀብለዋል። ሁለተኛውን ከአገር ውስጥ እንጂ ከባሕር ማዶ ተቀበሉ የሚል ታሪክ አይሰማም። ምክንያቱ የከተሞቹ ትንሽነት ነው ማለት ይቀልላል፤ እኔ ግን ነገሩ ከመነሻው በተዘረጋበት መንገድ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

መነሻው 1920 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ። ላምቢ ለአገሩ አዲስ አልነበረም፤ ቀደም ሲል በሳዮና በጎሬ የሠራ፣ በጉለሌም ሆስፒታል ያቋቋመ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ጉዞው የታሰበው ወደ ጅማ ነበር። መንገድ ላይ ግን የከምባታው ገዥ ደጃዝማች ሞሸሻ ሆሳዕና ላይ በደኅና ተቀበሏቸው፤ ወላይታና ሲዳማ ያሉት ገዥዎችም እንደዚያው አደረጉ፤ ጅማ ቀረና ሆሳዕና፣ ሶዶና ጋርቢቾ የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ሆኑ። ሆሳዕና ያን ጊዜ የቤተ መንግሥት ሹም የሚቀመጥባት፣ ከተመሠረተች ብዙ ያልቆየች የጦር ሰፈር ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ የራሱ ቋንቋና የራሱ እርሻ ያለው ሐድያና ከምባታ ነው። ሚሲዮናውያኑ ክሊኒክ ከፈቱ፣ ፊደል አስቆጠሩ። ትምህርቱን ግን እንደ ዋና ሥራ አላዩትም። የዚህ ሚሲዮን ልማድ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ እስኪችል ማስተማር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለሌላ መተው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት በከምባታ በዋሰራ የተተከሉት ካቶሊክ ካፑቺኖች ለትምህርት ቤት የበለጠ ትኩረት ሰጥተዋል፤ ያም ሆኖ በሁለቱም ወገን አሠላለፉ አንድ ነው፤ ባዕዱ ከሰሌዳው በኩል፣ አገሬው ከወንበሩ በኩል።

ወረራው ሚሲዮናውያኑን አስወጣ፤ በዚያ ክፍተት ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያናቸውን በራሳቸው ሽማግሌዎች መምራት ለመዱ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱት ፈረንጆች ያገኙት ትተውት የሄዱትን ጥቂት ሰው አልነበረም፤ ራሱን የቻለ ሕዝብ ነው። መንግሥትም በበኩሉ ደንብ አወጣ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የታወጀው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፈላት፦ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል። በመጀመሪያው ሚሲዮን ማስተማርና ማከም እንጂ ሃይማኖት መስበክ አይችልም፤ በክፍቱ ግን ሁሉንም ይችላል። የሐድያና የከምባታ ምድር ከክፍቱ ወገን ሆነ። የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን፣ ሚሲዮናውያኑም አማርኛ እንዲማሩ ታዘዘ፤ የአካባቢው ቋንቋ የተፈቀደው ለመጀመሪያው ጊዜ፣ ያውም በቃል ብቻ፣ ተማሪውና አስተማሪው በአማርኛ መግባባት እስኪጀምሩ ድረስ ነው። ይህ ድንጋጌ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እንደ ሃይማኖት ጉዳይ ነው። ለትምህርት ታሪክ ያለው ትርጉም ግን ሌላ ነው፦ የሐድያ ልጅ በገዛ መንደሩ በተከፈተ ትምህርት ቤት ውስጥ የውጭ ተማሪ ሆነ። መምህሩ የሚናገረው አማርኛ ለመምህሩም ለልጁም የተጠና ቋንቋ ነው፤ ሁለቱም ይኮላተፋሉ። ልዩነቱ ለኮልታፋነቱ ፈተና የሚወድቀው ልጁ ብቻ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ክርክሬ ዋና ማስረጃ ልግባ። ሆሳዕና ውስጥ የባሕር ማዶ ልጆች ኖረው አያውቁም ማለት አይቻልም፤ ኖረዋል። የሚሲዮናውያኑ ልጆች ናቸው። በዚያው ግቢ ተወልደው ወይም በሕፃንነታቸው መጥተው ያደጉ፣ ቆጮ የቀመሱ፣ አንዳንዶቹም ሐድይኛውን ከወላጆቻቸው ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ ልጆች ነበሩ ቢባል የሚያስገርም አይደለም። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ግን አባታቸው ከሚያስተምርበት ክፍል አይገቡም። ሚሲዮኑ እ.ኤ.አ. በ1946 አዲስ አበባ ላይ ቢንግሃም አካዳሚን ከፈተ፤ ስሙ ከሚሲዮኑ መሥራቾች አንዱ የሆነው የሮላንድ ቢንግሃም ነው፤ ዓላማውም በየጠቅላይ ግዛቱ የተበተኑትን የሚሲዮናውያን ልጆች በአዳሪነት ማስተማር ነበር። እንግዲህ በትንሿ ከተማ ውስጥ ዓለም አቀፍ ተማሪ ነበረ፤ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዋና ከተማ ይሄድ ነበር እንጂ ከዳገቱ በታች ወዳለው ክፍል አይወርድም ነበር። ሁለት የትምህርት መስመሮች ከአንድ ግቢ ተነሥተው ሳይገናኙ ተለያዩ።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ታውቆ ያደረ ነው። ልጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአገራቸው ሥርዓተ ትምህርት መቀጠል ነበረባቸው፤ በአማርኛ አራተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ቶሮንቶ ወይም ሜልቦርን ሲገባ ምን ይሁን? የአካባቢው ትምህርት ቤትም ከጥቂት ክፍሎች በላይ አልነበረውም። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ የማንም ወላጅ ውሳኔ በዚህ አይነቀፍም። እኔም ወላጆቹን አልከስስም፤ የማየው ውጤቱን ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት ቢሆን ኖሮ ክፍሎቹ እስከ አራተኛ ብቻ አይቆሙም ነበር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቶሎ ይሟላ ነበር፣ እንግሊዝኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጨዋታ ሜዳ ይለመድ ነበር። አስተዳዳሪ ልጁን የማያስተምርበት ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ዛሬም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እያየነው ነው፤ በሽታው የሚሲዮን ብቻ አይደለም።

የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲስፋፋም የባዕዱ ቦታ ያው ሰሌዳው ሆነ። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ገቡ፤ ከ270 በላይ ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱና በየአውራጃው ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶች ተደለደሉ። ከእነሱ በፊትም ከእነሱ በኋላም ሕንዳውያን መምህራን የሁለተኛ ደረጃውን ሒሳብና ሳይንስ ተሸክመውት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ እንዲያስተምሩ ተደረገ። በእነዚያ ዓመታት በአንዲት የአውራጃ ከተማ ያለ ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ የኬረላን እንግሊዝኛ፣ የኦሃዮን እንግሊዝኛና የአዲስ አበባን አማርኛ ሊሰማ ይችል ነበር። ይህ ትንሽ ሀብት አይደለም። ግን ልጁ እነዚህን ሁሉ የሚያያቸው ወደ ላይ አንጋጦ ነው፤ ከጎኑ ተቀምጦ ከእሱ የሚኮርጅ ወይም እሱን የሚያስኮርጅ ባዕድ አላየም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወደ አዲስ አበባ መመልከት ይበቃል። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. አክራ ላይ የነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ነው። መንግሥት የአፍሪካ አባትነቱን ሊያሳይ ያመጣቸው ልጆች ያልታሰበ ነገር ይዘው መጡ፤ ቅኝ ገዥን የሚቃወም ፖለቲካ የለመዱ፣ በማኅበር መደራጀትን የሚያውቁ፣ በአደባባይ መከራከር የማይፈሩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እነዚህ እንግዶች የአገሬውን ተማሪ እንዳነቁት ደጋግመው ያነሣሉ። አገሬው ተማሪ አገሩ ሦስት ሺህ ዘመን የቆየች ናት ብሎ ሲኮራ፣ ገና ነጻ ያልወጣ አገር ልጅ ስለ መሬትና ስለ ምርጫ ይጠይቀው ነበር። አሥር አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ሊያመጣው ያልቻለውን ለውጥ የመኝታ ክፍል ጎረቤት አመጣው። የክፍለ ሀገር ከተሞች ግን ከዚህ ዕድል አልደረሳቸውም፤ ዕድሉ የተሰጠው ለኮሌጅ ነው፣ ኮሌጁም ያለው ዋና ከተማ ነው።

ታዲያ ሆሳዕና እንግዳ ተማሪ አታውቅም ማለት ነው? እዚህ ላይ ክርክሩን ማስተካከል ግድ ይላል። ከባሕር ማዶ አታውቅም እንጂ እንግዳ ተማሪስ ሞልቷታል። ከምባታና ሐድያ በንጉሡ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለ አንድ አውራጃ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚባል ነገር በጣት የሚቆጠር ስለነበር ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈ ልጅ መንደሩን ለቆ መውጣት ነበረበት። በቅርብ ዐሥርት ዓመታትም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም፤ ከሆመቾ፣ ከጃጁራ፣ ከፎንቆ፣ ከሞርሲቶ፣ ከጊምቢቹ የሚመጣው ልጅ ዋቸሞ ትምህርት ቤት ወይም ከግል ትምህርት ቤቶች አንዱ ገብቶ ሲማር ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይይዛሉ፤ ወለሉ ላይ ሰሌን፣ ጥግ ላይ ቡታጋዝ ወይም ከሰል ማንደጃ፣ ግድግዳው ላይ በጋዜጣ የተለጠፈ የትምህርት ፕሮግራም። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ፤ ትከሻው ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ትንሽ አይብ፣ በርበሬ። ስንቁ እስከ ሐሙስ ከደረሰ ደኅና ሳምንት ነው። አከራይዋ እናት ትሆናለች፤ ወይም አትሆንም፤ ሌሊት መብራት አጥፉ የምትል አከራይ የስንቱን ማትሪክ እንዳበላሸች ማን ቆጥሮት።

አንባቢ ይህን ከውጭ አገር ተማሪ ጋር ማወዳደር ማጋነን ነው ሊል ይችላል። የአንድ አገር ልጅ ነው፣ የአንድ ዞን ልጅ ነው፣ ከቤቱ የሚርቀው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በፓስፖርት ከሄድን ተቃውሞው ያሸንፋል። ግን የውጭ ተማሪ ከባድ የሚሆንበት ፓስፖርቱ አይደለም። ማደሪያ ማጣቱ፣ በሰው ቋንቋ መፈተኑ፣ ሲታመም የሚጠራው ዘመድ አጠገቡ አለመኖሩ፣ የመጣበት አካባቢ በአነጋገሩ ተለይቶ መታወቁ ነው። የሾኔው ልጅ ዱራሜ ቢማር፣ የአንጋጫው ሆሳዕና ቢማር ከቋንቋው ይወጣል፤ ሐድይኛና ከምባትኛ የሚቀራረቡ ግን አንዱ ሌላውን የማይተኩ ቋንቋዎች ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ካደረገ በኋላ ይህ ልዩነት ወደ ክፍል ገባ፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሲሆን ሁሉም እኩል እንግዳ ይሆናሉ። የሚገርመው፣ ይህን የሚያህል እንግዳ እያለ አብዛኞቹ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማደሪያ የላቸውም። ተማሪው የሚያድርበትን የሚያውቀው አከራዩ ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የአዲስ አበባን ተማሪ ወደ ገጠር አወረደ፤ ዳግመኛ መምህር ሆኖ እንጂ ተማሪ ሆኖ አልነበረም። የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ሲሰፋ ሐድይኛና ከምባትኛም ተካተቱ፤ በ1936ቱ ድንጋጌ በቃል ብቻ ተፈቅዶ የነበረው ቋንቋ በመንግሥት መጽሐፍ ታተመ። ይህ ለዚያ መንግሥት ከሚቆጠሩለት ጥቂት በጎ ነገሮች አንዱ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ሆሳዕና ላይ አንድ የተለየ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ለእኔ የአካባቢው የትምህርት ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ እሱ ነው። የከምባታ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1961 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተቀላቅላ ነበር፤ መካነ ኢየሱስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 በሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ልጆቹ ከሐድያ ብቻ አልመጡም፤ ከሌሎችም አካባቢዎች፣ ሌላ ቋንቋ ከሚነገርባቸው ቤቶች መጡ። መስማት የማይችል የገጠር ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የሚያውቀው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር በቤት ውስጥ የፈጠረውን ምልክት ነው፤ ያ ምልክት ከአጥሩ ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ባዕድ ሆኖ የሚገባ ተማሪ እሱ ነው። በዚያ ግቢ የሚያገኘው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ነው፤ ከእሱም ጋር የጣት ፊደልን። የጣት ፊደሉ ራሱ የአገር ሥራ ነው፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ሆሄያት ደግሞ እጁ በሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ይለያል። በዚህ ቋንቋ ፊት የከምባታ ልጅም፣ የሐድያ ልጅም፣ ከሩቅ የመጣውም እኩል ጀማሪ ናቸው፤ መምህሩም ቢሆን ከተማሪው መማር አለበት፤ ምክንያቱም ቋንቋው በማደሪያው ውስጥ በልጆቹ መካከል ይኖራል። ማደሪያ አለ፣ የጋራ ቋንቋ አለ፣ እኩያ አለ። ከላይ የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ጉድለት ያልኳቸው ሦስቱም እዚህ ተሟልተዋል።

ይህ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው፣ ከመደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ጋር አይነጻጸርም የሚል ይኖራል፤ ወጪውንም ከውጭ የመጣ እርዳታ ነው የሸፈነው ይላል። እርዳታ መኖሩ ማደሪያውን አስቻለ፤ ልክ ነው። ነገር ግን እርዳታ የነበረው ለዚህ ብቻ አልነበረም። በእነዚህ ከተሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለሕንፃ፣ ለክሊኒክና ለመኪና ገንዘብ ሲመጣ ኖሯል። ልዩነቱን ያመጣው ተማሪውን ማዕከል ማድረጉ ነው፤ መስማት የተሳነው ልጅ በየመንደሩ አንድ ሁለት ስለሚገኝ እሱን ለማስተማር ከሩቅ ማሰባሰብ ግድ ሆነ። ከሩቅ ማሰባሰብ ግድ ሲሆን ሌላው ሁሉ ተከትሎ መጣ።

የአካባቢው ወጣት ከሩቅ አገር ሰው ጋር በእኩያነት የተገናኘው በመጨረሻ ትምህርት ቤት ውስጥ አይደለም። ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት ከተማዋን በአገር ደረጃ ያሳወቃት ሆኗል። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል፤ መድረሻው ብዙ ጊዜ ጆሃንስበርግ ነው፤ ጄፒ ጎዳና ያለውን ሱቅ ሆሳዕና ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳያየው ያውቀዋል። የተላከው ገንዘብ ፎቅ ሠርቷል፣ ሆቴል ከፍቷል። ዋጋውም ተከፍሏል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ለስደቱ ምክንያት የትምህርት ቤት ወንበር ነው ማለት ግን ሞኝነት ይሆናል። ከምባታና ሐድያ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ አባት ለአራት ወንድ ልጅ የሚያካፍለው የእንሰት ማሳ የለውም፤ ማትሪክ ያለፈውም ሥራ አያገኝም። ይህን ሁሉ ተቀብዬ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፦ ውጭ አገርን በክፍል ጓደኛ በኩል ያላወቀ ወጣት የሚያውቀው በደላላ በኩል ነው። ደላላው የሚነግረውን የሚያጣራበት የማላዊ ወይም የኬንያ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም።

አሁን ሁኔታው ተለውጧል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከሀላባ፣ ከየም የመጣ ሠራተኛ ልጁን የሚያስገባበት ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ይቀበላል። ደቡብ አፍሪካ ቤተሰብ የመሠረተ ሰው ልጁን አያቱ አገር አስተምሮ ማሳደግ ቢፈልግ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የት ያድራል የሚል ነው። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም እውቅና ያገኘ ስደተኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲታይ፣ ሁለተኛ ደረጃንም አቅም በፈቀደ መጠን እንዲያገኝ ፈቅዷል። ሕጉ ከ1936ቱ ድንጋጌ በተቃራኒ በሩን የከፈተው ለመምህር ሳይሆን ለተማሪ ነው።

የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ የቃለ ሕይወት፣ የመካነ ኢየሱስና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት ቤት ቦርዶች ሌላ ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ከመጀመራቸው በፊት ሃያ አልጋ ያለው ማደሪያ ይሥሩ። ከሃያው አምስቱን ለስደተኛ ልጅ፣ አምስቱን ከሌላ ዞን ለሚመጣ፣ የቀረውን ከጊምቢቹና ከሞርሲቶ ስንቁን ተሸክሞ ለሚመጣው ይስጡ። እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ እዚያው ሆሳዕና ያለውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሄዶ ይጠይቅ።